የራሱን ውሃ ይዞ የመጣው እንግዳ

ብርጭቆውን ከንፈሩ ድረስ አንስቶ፣ ሳይጠጣ መልሶ ሲያስቀምጠው አየችው። የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ የከተማው ውሃ ማጣሪያ ሠራተኛ። ጥቂት ቆይቶ እጁን ወደ ቦርሳው ሰደደና የታሸገ ውሃ አውጥቶ ተጎነጨ።

«ምነው፣ ቤቴ ውሃ ጠፋ?» አለችው።

«ኧረ ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እታለም።»

ልማድ! ድሮም ክፉ ክፉውን የሚያይ ልቧ ወደ ቧንቧው ሄደ። የቧንቧው ውሃ ሻጋታ ሻጋታ ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። እሷም ሰው አንዴ ሲያፈላ ሁለቴ እያፈላች ነው የሕፃን ልጇን የዱቄት ወተት የምትበጠብጠው።

«ንገረኝ! ለራስህ ሆድ ስትጠነቀቅ፣ የወንድምህን ልጅ ምን እያጠጣኋት ነው?»

አንገቱን ደፋ። «ግድቡ ላይ አረንጓዴ አልጌ ተጋግሯል። መርዝ አለው። መርዙን መጥጦ የሚይዝልን የካርቦን ዱቄት ደግሞ አልቋል።»

«የምን ካርቦን?»

«ከሰል በይው።»

«ከሰል? ገበያው በከሰል ተሞልቶ!»

«የምድጃው አይደለም። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ነው፤ መርዙ እሱ ላይ ይጣበቃል። እስኪመጣ ድረስ ሕዝብ አታሸብሩ ብሎናል አለቃችን።»

«እኔ እኮ አፍልቼ ነው የምሰጣት!»

«ማፍላት ይሄን አያጠፋውም። እንዲያውም አልጌው ሲፈላ ፈንድቶ የያዘውን መርዝ ይለቀዋል።»

ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ይንተከተካል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምታለች፤ ይሄኛው እታለም እያለ ሊወስዳት ነበር። ደግሞስ እሷ ብቻ ናት? የጎን ጎረቤቷ፣ ገና አራስ ቤት ያለችው፣ እንደ እሷው የዱቄት ወተት የምትበጠብጠው፣ ስለ ሽታው ስትጠይቃት «ደህና አድርገሽ አፍዪው» ብላ የመከረቻት ማን ሆነና፣ እሷው ራሷ!

እሳቱን አጠፋች። የታሸገውን ውሃ ከእጁ ነጥቃ ከልጇ ጡጦ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ተነስ።»

«ወዴት?»

«ጎረቤት። የነገርከኝን ትነግራታለህ።»

«ከሥራ ያባርሩኛል እኮ! እኔም ቤተሰብ አለኝ።»

«እኛስ ምንህ ነን?»

ከመቀመጫው አልተነሳም። ባሏ ሲሰማ ወንድሜን ከሥራ አስወጣሽው እንደሚላት፣ ቤቱም እንደሚታመስ ከወዲሁ ታይቷታል። በግድግዳው ማዶ የጎረቤቷ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፤ የረሃብ ለቅሶ።

«እንግዲያው እኔው እነግራታለሁ» አለች። «ማን ነገረሽ ካለችኝ ግን አልዋሻትም።»

ጫማዋን እንኳ አላደረገችም። ወጥታ የጎረቤቷን በር በጡጫ ደበደበችው።