የኤሊዋ ጀልባ

በቤታችን ሕግ መሠረት፣ ወደ ቤተሰቡ በጋብቻ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሁለቱን ጃርቶች የካርቱን ፊልም ከአባቴ ጋር ተቀምጦ ማየት አለበት። ሕጉን ያወጣው አባቴ ነው፤ ይግባኝ የለውም። የእህቴ ባል ከስድስት ዓመት በፊት አይቶ መጨረሻው ላይ አለቀሰ። አባቴ ተነስቶ አቀፈው፣ ጉዳዩ በዚያው አለቀ። ከእሱ በፊት የነበረው እጮኛዋ ግን ፊልሙ መሃል አንድ ጊዜ ስልኩን ስላየ አባቴ ዓመት ሙሉ «ያ ስልክ» እያለ ሲጠራው ከረመ፤ በመጨረሻ ልጁ ራሱ ሰልችቶት ቀረ። አሁን ተራው የእኔ እጮኛ ነበር።

ፊልሙ እንዲህ ነው። ሁለት ጃርት ወንድማማቾች በጎርፍ ከጫካቸው ይፈናቀሉና ስንት መከራ አይተው እናታቸው ጋ ይደርሳሉ። ዘፈን አለው። ትልቁ ጃርት በየአሥር ደቂቃው «ቤተሰብ ይቅደም!» ይላል። አባቴ ይህቺን አባባል በትልቁ አጽፎ ፀጉር ማስተካከያ ቤቱ ውስጥ፣ ከመስታወቱ በላይ ሰቅሏታል። እኔና እህቴ ልጆች ሳለን ፊልሙን በቃላችን እናውቀው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት፣ ለጥንቃቄ ብዬ፣ በምሳ ሰዓት የምሠራበት ፋርማሲ መጋዘን ውስጥ የሽሮፕ ካርቶን ላይ ተቀምጬ በስልኬ ከፈትኩት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ነገሩ ገባኝ። ጃርቶቹ የለየላቸው ወሮበሎች ናቸው! አንዲት አሮጊት ኤሊ ከዝናብ አስጠግታ፣ አብልታ ታሳድራቸዋለች፤ ጠዋት ጀልባዋን ይዘውባት ይሄዳሉ። «ኧረ ልጆቼ!» እያለች ዳር ላይ ስትጮህ ትልቁ ዞር ብሎ «ቤተሰብ ይቅደም!» ይላታል። የእኛ መፈክር እንግዲህ ይኸው ነው። ከዚያ በደካማው ጥንቸል ይሳለቃሉ፣ ዳክዬዎቹን ያታልላሉ፣ በመጨረሻ ጫካው ሁሉ በጭብጨባ ይቀበላቸዋል። ኤሊዋ ሁለተኛ አትታይም።

ሌላ ሰው ቢሆን ግድ አይሰጠኝም ነበር። የእኔ እጮኛ ግን የአሳንሰር መርማሪ ነው። ሥራው በየሕንጻው እየዞረ ገመዱንና ፍሬኑን አይቶ «ያልፋል» ወይም «አያልፍም» ማለት ነው፤ «ምንም አይል» የሚባል ነገር ቅጹ ላይ የለም። አንድ ጊዜ የገዛ አለቃው የሚኖርበትን ሕንጻ አሳንሰር አሽጓል።

«ጀልባው ጋ ሲደርስ ሽንት ቤት ምናምን ብለህ ውጣ» አልኩት እሁድ ከሰዓት፣ በር ላይ።

«ለምን?»

«ዝም ብለህ ውጣ። ሲያልቅ አባዬ ‹እንዴት ነው?› ይልሃል። ‹ዘፈኑ ደስ ይላል› በለው።»

«ደስ ካለኝ እላለሁ።»

ዕድሜ ልኬን አብሬው ልኖር የቆረጥኩት ከዚህ ሰው ጋር ነው።

ሳሎናችን ከፀጉር ቤቱ የሚለየው በአንድ መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ ሎሽን ሎሽን ይሸታል። አባቴ አሮጌ የደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እንግዳውን ፊት ለፊቱ አስቀመጠው። አባቴ ፊልሙን አያይም። የሚያየው ፊልሙን የሚያየውን ሰው ነው። እናቴ ጥግ ይዛ የፀጉር ቤቱን ፎጣዎች ታጥፋለች፣ እህቴና ባሏ ሶፋው ላይ ናቸው።

ጀልባው ጋ ሲደርስ መርማሪዬ አልወጣም። ጭራሽ ወደ ፊት ጠጋ አለ። ፊልሙ እስኪያልቅ የሳቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ትንሹ ጃርት ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ።

«እህ፣ እንዴት ነው?» አለ አባቴ።

እጮኛዬ ላይ ዓይኔን አፈጠጥኩ።

«ጋሼ፣ ዘፈኑ ደስ ይላል» አለ። እፎይ አልኩ። «ግን የኤሊዋ ጀልባ የት ደረሰ?»

«የምን ጀልባ?»

«የሰረቋት።»

«ተውሰው ነው እንጂ ማን ሰረቀ?»

«የሚዋስ ሰው ይጠይቃል፣ ጋሼ። አሮጊት ጎርፍ መሃል ጥለው ነው የሄዱት። እኔ እነዚህን ልጆች ቤቴ አላስገባም።»

አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፀጉር ሲያስተካክል ኖሯል። አንገቱ ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው ስለማይከራከር፣ አባቴ ተሳስቶ አያውቅም።

«እውነቱን ነው» አለች እናቴ።

«ምን አልሽ?»

«እውነቱን ነው አልኩ። እኔ እኮ ሁልጊዜ የማዝነው ለኤሊዋ ነው። እናንተ ስትስቁ ነገሩን በሆዴ ይዤ ፎጣዬን አጥፋለሁ።»

የእህቴ ባል ጉሮሮውን ጠረገ። ከ«እሺ» ሌላ ቃል ስለማይወጣው በቤታችን ስሙ «እሺታ» ነው። «እኔም… ብዙ አልወደድኳቸውም።»

«አንተ? አንተ አይደለህ እንዴ ያለቀስከው!»

«ጥርሴን አሞኝ ነበር።»

«ስድስት ዓመት!» ብላ እህቴ በትራስ ጀርባውን አለችው።

አባቴ ብድግ ብሎ በመጋረጃው ወጣ። በቃ፣ አለቀልኝ ብዬ እጮኛዬን እንዴት እንደምገድለው ማሰብ ጀመርኩ። አባቴ ግን ጢም ሲያስተካክል የሚያደርገውን መነጽር ሰክቶ ተመለሰ።

«ከመጀመሪያው ክፈቱት። አሁን የማየው እኔ ነኝ» አለ።

ጀልባው ጋ ሲደርስ አስቆመው። «ቆይ ቆይ። አሳድራቸው ነው?»

«አሳድራቸው፣ ጋሼ።»

«አብልታቸው?»

«ሁለቴ።»

«ጃርት መሆናቸው ሳያንስ!» አለ አባቴ፣ ወንበሩን ወደ እጮኛዬ እየጎተተ። «ቀጥሉት!»

ጥንቸሉ ጋ ሲደርስ ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ባለጌዎቹን አንድ ላይ ይሰድቡ ነበር። የእኔን ነገር ሁሉም ረስቶታል። ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባዬ፣ እሺ ነው እምቢ?»

«የምኑ?»

«የጋብቻዬ!»

«ቆይ እንጂ፣ ዳክዬዎቹ ሊመጡ ነው።»

«መልስላት እንጂ አንተ ሰውዬ!» አለች እናቴ።

አባቴ ፊልሙን በግድ አስቁሞ ወደ እጮኛዬ ዞረ። «አንተ ልጅ፣ እሷም ስታጠፋ እንዲህ ፊት ለፊት ትነግራታለህ?»

«እነግራታለሁ፣ ጋሼ።»

«እሷስ?»

«ትጮሃለች።»

«ከዚያስ?»

«እጠብቃለሁ። ሲወጣላት ደግሜ እነግራታለሁ።»

አባቴ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ለአፍታ አየው። «እኔ ከተወለደች ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት ሞክሬ ያቃተኝን!» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ይሁንልሽ። የሚቀጥለው ወር የመጨረሻው እሁድ። አሁን ዝም በይ፣ ያ ሌባ ደግሞ ምን ሊቀላምድ እንደሆነ ልስማ።»

እናቴ ፎጣዎቿን አስቀምጣ መጥታ መሃላቸው ተቀመጠች። እኔም አባዬ ሐሳቡን ሳይቀይር ቀኑን ስልኬ ላይ መዘገብኩት።