የኦረልየን ቫስቴል ዝምታ

ኦረልየን ቫስቴል በስድሳ ሁለት ዓመቱ መድረክ ፈራ። ቢናገር የሚያምነው ስለሌለ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

በወጣትነቱ ከአንድ የትወና ትምህርት ቤት «ለዚህ ሥራ አልተፈጠርክም» ተብሎ ተባሯል። እልኸኛ ነበርና ከፓሪስ ባቡር ጣቢያ ጀርባ የተዘጋ የአናጢ ቤት ተከራይቶ መጋረጃ አልባ ቴአትር ከፈተ። በእሱ ቴአትር ተዋናዮች ለተመልካች ጀርባ ሰጥተው ይናገራሉ፤ ንጉሡም ጆንያ ለብሶ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት ሰዉ እያፏጨ የበሰበሰ ጎመን ወረወረበት። በአሥረኛው ዓመት ያው ሰው እዚያው በር ላይ ተሰለፈ። ቫስቴል ያዘጋጃል፣ ይተውናል፣ ይሳደባል፤ ተዋናዮቹም «አለቃ» ይሉታል።

አሁን ግን ቃል ይከዳው ጀመር። መጀመሪያ የዳቦ ሻጯ ስም ጠፋው። ቀጥሎ የሚኖርበት መንገድ ስም። ይህን ሳይነግራት የምታውቀው ሌዮካዲ ብቻ ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ከመድረኩ ጎን ተቀምጣ፣ ጽሑፉን ይዛ፣ ቃል ለሚጠፋው ተዋናይ የምታንሾካሹክ ሴት።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቫስቴል በገዛ ልጁ ላይ የሚፈርድ ሽማግሌ ዳኛ ሆኖ ወጣ። ልጁን የሚጫወተው ባስትየን ፊቱ ተንበርክኳል። ቫስቴል ፍርዱ የሚሰጥበት ቦታ ላይ ሲደርስ አፉ ተከፈተ፤ ቃል ግን የለም። ሌዮካዲ አንሾካሾከች። ድምጿ ይሰማዋል፤ የምትለው ግን እንደ ባዕድ ቋንቋ ጆሮው ላይ ብቻ ቀረ። ላቡ አንገቱን ይዞ ወረደ። ዝም። አሁንም ዝም። በመጨረሻ ባስትየን እያለቀሰ፣ ጽሑፉ ውስጥ የሌለ ነገር ተናገረ፦ «እንግዲያው በራሴ ላይ እኔው እፈርዳለሁ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

በማግስቱ አንድ ጋዜጣ «ቫስቴል ቃልን ከቴአትር አባረረ» ብሎ ጻፈ። ተዋናዮቹ ከበቡት።

«አለቃ፣ ያቺን ዝምታ በሚቀጥለው እሑድም ልክ እንደዚያው ያድርጓት!»

ቫስቴል ፈገግ አለ። ያን ቀን ቃሉ ቢመጣስ? ደግሞስ ከነጭራሹ ባይመለስስ? ሌዮካዲን ይዟት ወጣና ጥግ ካለው ቡና ቤት ገቡ።

«ንገራቸው» አለችው።

«ምን ብዬ? ያጨበጨባችሁት ለበሽታዬ ነው ብዬ?»

«አዎ፣ እንደዚያ ብለህ።»

«ይስቁብኛል።»

«ጎመን ሲወርድብህ መች ፈርተህ ታውቃለህ?»

«ያኔ የማደርገውን አውቅ ነበር፣ ሌዮካዲ።»

ማክሰኞ ጠዋት ልምምድ ላይ ተዋናዮቹን ሰበሰበና ነገራቸው። «ዝምታዬ ጥበብ አልነበረም፤ ቃሉ ጠፍቶኝ ነው» አለ። እነሱ ግን አዲስ መልመጃ መስሏቸው ሳቁ። አንዱማ ተነሥቶ «እኔም ስሜ ጠፋኝ!» ብሎ አፉን ከፍቶ ቆመ።

ያልሳቀው ባስትየን ብቻ ነበር።

«አለቃ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የእኔን ስም ይጥሩ እስቲ።»

ቫስቴል አየው። ግንባሩን አየ፣ እጁን አየ። ምንም አልመጣለትም።

«ከወር ወዲህ ‹ልጄ› ነው የሚሉኝ» አለ ባስትየን ድምፁ እየተሰበረ። «እኔ እኮ የወደዱኝ መስሎኝ ነበር።»

«ወድጄሃለሁማ፤» አለ ቫስቴል። «ስምህ ነው የጠፋኝ።»

ሳቁ ከአዳራሹ ጠፋ። ቫስቴል የዳኛውን ካባ አውልቆ በባስትየን ትከሻ ላይ አኖረ። የልጁን ሚና ሌላ ወጣት ያዘ።

በሚቀጥለው እሑድ ባስትየን ፍርዱን በቃሉ ተናገረ። ዝምታውን ሊያዩ ከመጡት ግማሾቹ እያጉረመረሙ ወጡ። ቫስቴል የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ የመድረክ ጎን ቦታዋን ለዚያ ቀን ከተወችው ከሌዮካዲ አጠገብ ተቀምጦ እያንዳንዱ ቃል እስኪወጣ እስትንፋሱን ይይዝ ነበር። የመጨረሻው ቃል ሲወጣ ወደ ኋላ ተደገፈ።

«ማነው ይሄ?» አላት።

«ባስትየን ነው። አንተ ያስተማርከው።»

«ጎበዝ ነው» አለ። ወዲያው ግንባሩን ቋጠረ። «ግን እጁን ምን እንዲህ ያወዛውዘዋል? ማስታወሻ ያዢ፤ ነገ እናርመዋለን።»

ሌዮካዲ እርሳሷን አውጥታ ጻፈች።