የዓሣው ዓይን

በከተማዋ መግቢያ ዘመኑን ሙሉ ተገትሮ የኖረው፣ ላም የሚያህለው የፋይበርግላስ ዓሣ በመስከረም ድራሹ ጠፋ። በቦታው የተገኘው የድዌይን ላህቲ ተሳቢ የጎማ ዱካ ነው። ድዌይን ደግሞ ጠጪ ነው። የከተማው ሰው ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? ምሳ ሳይደርስ ፈርዶ ጨረሰ።

አሁን ጥር ነው። ሐይቁ በረዶ ሠርቷል፤ ወንድ ሴቱ በረዶውን በስቶ ዓሣ ለማጥመድ ቋምጧል። በድዌይን ክስ ላይ ከሕዝብ ተመርጠው እንዲፈርዱ ለጁሪ የተጠሩት ግን ፍርድ ቤት አግዳሚ ላይ ተኮልኩለው ማምለጫ ሰበብ ይፈለፍላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌው ኦርቪል ቱፍት ነው፤ በዚያ ብርድ ያልበዋል። ዓሣውን የሰረቀው እሱ ነዋ!

ሚስቱ አርዲስ ከሞተች ወዲህ ያ ዓሣ ከመንገዱ ማዶ በመስኮቱ በኩል ያፈጥበት ነበር። ብቻውን ሲበላ ያየዋል፣ ብቻውን ሲያለቅስ ያየዋል። አንድ ቀን አላስችል አለውና የጎረቤቱን የድዌይንን ተሳቢ ሳይጠይቅ ወስዶ፣ ዓሣውን ጭኖ ጎተራው ውስጥ ድርቆሽ ሥር ቀበረው። ድዌይን በስርቆቱ ሲታሰር ግን የኦርቪል አፍ ተሳሰረ።

መጀመሪያ የተጠየቀው የማጥመጃ ትል ሻጩ ሌሮይ ነው።

«ተከሳሹን እንደ ንጹሕ ሰው ማየት ትችላለህ?» አሉት ዳኛ ማርሊስ።

«አልችልም ክብርት ዳኛ። ዓሣውን የሰረቅኩት እኔ ነኛ!»

«ትናንትም አንዱ እንዲሁ ብሎኛል። የት አደረስከው?»

«በላሁት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ማጥመድ አማረህ አይደል? የጁሪ ወንበር ስድስት! ቁጭ በል!» አሉ ዳኛዋ።

የኦርቪል ተራ ደረሰ። ዐቃቤ ሕጉ ጠየቀው፦ «ፖሊስ የያዘው ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ነው ብለው ያስባሉ?»

«ይሄኛው አይደለም።»

አንገቱን ደፍቶ የነበረው ድዌይን ደንግጦ ቀና አለ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በደንብ እንጂ።»

የድዌይን ጠበቃ በደስታ እጁን አፋተገ። ዐቃቤ ሕጉ ግን ጮኸ፦ «ክብርት ዳኛ፣ እኚህ ሰውዬ አስቀድመው ወስነዋል! ይሰናበቱልኝ!»

«ምን ወሰኑ? ሕጉ ተከሳሽ እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው ይላል፤ እሳቸውም ያሉት ይህንኑ ነው። እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሕጉን የሚያምን ሰው ገና ዛሬ አየሁ!»

ኦርቪል ብድግ አለ። ሰው በበደለበት ነገር ሲመሰገን እንዴት ያማል!

«ክብርት ዳኛ፣ የሰረቅኩት እኔ ነኝ» አለ።

«እርስዎም?» ዳኛዋ ጠረጴዛውን ደበደቡት። «በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም? ወንበር አሥራ ሁለት!»

ዘበኛው ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። ሌሮይ ወደ እሱ ዘንበል ብሎ «አይሠራም ጋሼ፣ እኔም ሞክሬዋለሁ» አለው።

ለመሐላ ቀኝ እጃቸውን እንዲያነሡ ታዘዙ። የኦርቪል እጅ ግን ወደ ካፖርቱ ኪስ ገባ። ድርቆሹን አልፎ የሚያየው ስለመሰለው ነቅሎ ይዞት የሚዞረውን፣ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህለውን የዓሣውን ዓይን አውጥቶ ከጁሪው ወንበሮች ፊት ባለው የእንጨት መከለያ ላይ አስቀመጠው። ዓይኑ ዳኛዋ ላይ አፈጠጠ። የሳቀ የለም።

ድዌይን ተነሣ። «ተሳቢዬን የወሰዱት እርስዎ ነዎት ጋሼ ኦርቪል?»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«እኔ እኮ ሰክሬ ሰርቄው የረሳሁት መስሎኝ ነበር።» አለ ድዌይን። «በዋስ ከወጣሁ ወዲህ ፈልጌ ልመልሰው ብዬ ጫካ ለጫካ ስንከራተት ከረምኩ።»

ኦርቪል ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። ድዌይን ወንበሩ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለና፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።