የሰይፍ ሞራ

አለበል የዓመት ፈቃዱን የሚያሳልፈው ሙታን ሲጎበኝ ነው። ሌላው የፋብሪካ ሠራተኛ ዘመድ ሲጠይቅ፣ እሱ ሚስቱን አገርነሽንና ልጁን አስከትሎ በየጦር ሜዳው ይዞራል። ዘንድሮም ጎንደር ወስዶ ከግንብ ግንብ ሲያንከራትታቸው ሰነበተ። ሲመለሱ ይፋግ አጠገብ የሰው ሽንብራ ማሳ መሀል አቁሟቸው፣ እዚህ ጋ ፈረሰኛው አለቀ፣ እዚያ ጋ ሬሳ ተከመረ እያለ ምራቁን እየዋጠ ተረከላቸው። ከዚያው ማሳ እሸት እየነቀለም ይበላ ነበር። አገርነሽን ከዚህ ሰው ጋር አንድ ትራስ ላይ መተኛቷ ቀፈፋት።

ይህን ሁሉ የቻለችው ለልጇ ስትል ነው። አንዳርጋቸው በሚመጣው ሳምንት ለብሔራዊ ውትድርና ሊመዘገብ ነበር። የጉዞው መጨረሻ ደግሞ የነገሥታት ሰይፍና ጋሻ የተቀመጠበት የጣና ደሴት ገዳም ነው፤ እዚያ ወንድሟ አባ መርስዔ ኀዘን መንኩሰው ይኖራሉ። ልጁን ደብቀው ሊያስቀሩላት ቃል ገብተዋል። አንዳርጋቸውም «እሽ እማዬ» ብሏታል። አለበል አያውቅም። ቢያውቅማ ልጁን በገዛ እጁ ለቀበሌ ባስረከበ ነበር፤ የጀግና አባት መባል ያምረዋል።

ሴት ከወደቡ አታልፍም። አባ መርስዔ ኀዘን እስከ ጀልባው ወርደው መስቀል አሳለሟት። በነጠላ የቋጠረችውን ዳቦ ቆሎ ለልጁ ብላ በስውር ሰጠቻቸው።

«አደራዎን፣ አባ።»

«አታስቢ፣ እቴ። አባትየውን ሰይፍ እያሳየሁ አቆየዋለሁ። ልጁ በጓሮ በኩል ወደ ቤቴ ይገባል።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ባሏ ብቻውን ከመጣ ልጇ ተረፈ ማለት ነው። ሊወርድባት የሚችለውን ስድብና ዱላ ሁሉ አስባ ጨርሳ፣ ይሁን ብላ ነበር።

ሁለቱም መጡ። አባ አንገታቸውን ደፍተው ከኋላ ይከተላሉ።

አባ ሰይፉን ከአፎቱ መዘው ለአባትየው ሲያቀብሉ፣ ልጁ ከጓሮው በር ተመልሶ ኖሯል። አንድ ጊዜ ልያዘው ብሎ ያዘው። ከዚያ ወዲያ አባ ቢጠቅሱት፣ ልብሱን ቢጎትቱት አልሰማቸውም።

«ጨበጥሁት እኮ፣ እማዬ። ለእጄ ልክ ነው» አላት እጁን ፊቷ ላይ ዘርግቶ። ብረቱ እንዳይዝግ የተቀባው ሞራ ከርፍቷል፤ ጣቶቹ ሁሉ በእሱ ወዝተዋል።

«የእኔ ልጅ» አለ አለበል፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ።

አገርነሽ ጠላቻቸው። ባሏንም፣ ሰይፉንም፣ ሰይፉን የመዘዘውን የወንድሟን እጅም።

«ታጠብ» አለችው ልጁን።

«ቆይ፣ ይሽተተኝ።»

አባ የተሰጣቸውን ቋጠሮ መለሱላት። እጇን አልዘረጋችም። አንዳርጋቸው ተቀብሎ ፈታው።

«ለጦር ሰፈሩ ስንቅ ይሆነኛል» አለና በዚያው እጁ ዘግኖ ቃመ። ደግሞ ዘገነና ለእሷ ዘረጋላት። «ቅመሽ እንጂ፣ እማዬ።»

አገርነሽ ወደ ሐይቁ ዞራ አስታወከች።