ትርፊትን የማታወርድ ሳይክል

በ1973 ዓ.ም. በልግ፣ ዑመር ኤርሲዶ ሆሳዕና መናኸሪያ አጥር ሥር ሳይክል ይጠግን ነበር። እጁን ከተማው ያከብርለታል። ወሬውን ግን ሁሉም ጠግቦታል፤ ዑመር የማያውቀው የሳይክል ጉዳይ እንደሌለ ራሱ ዑመር ለሁሉም ነግሯል። ሚስቱ ዘምዘም እዚያው አጠገብ ሻይ ቤት አላት። ሁለቱን ቤት የሚለየው ስስ ጣውላ ስለሆነ፣ ባሏ ለደንበኛ የሚለውን ሁሉ ትሰማለች፤ ካስፈለገም ታርመዋለች።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት የጤና ጣቢያዋ ከታቢ ትርፊት ሳይክሏን እየገፋች መጣች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ከሳይክሏ መቀመጫ ኋላ የክትባት ሳጥኑ በገመድ ታስሯል።

«ጋሽ ዑመር፣ ይቺ ሳይክል እኔን ተሸክማ አታውቅም፤ እኔ ነኝ የምሸከማት» አለች።

«ምን ሆነች?»

«እሷስ ጤነኛ ናት። ዛሬ ሌሞ ገጠር እስክደርስ ሠላሳ አንድ ጊዜ ወረድኩ። ቦይ ሲመጣ እወርዳለሁ፣ ግንድ ሲመጣ እወርዳለሁ። ስደርስ በረዶው ቀልጦ መድኃኒቱ ተበላሽቷል። እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁኝ ነበር። ሂዱ ብዬ መለስኳቸው።»

እስከዚያ እየሳቀች ነበር የምታወራው፤ የመጨረሻዋን ስትናገር ግን ድምጿ ወረደ። ዑመር ማጣበቂያውን አስቀመጠ።

«እና ምን ዓይነት ነው የምትፈልጊው?»

«የማልወርድባትን።»

«እሱማ ፈረስ ነው የሚባለው።»

«ፈረስም ቢያመጡለት ጎማው ተንፍሷል ነው የሚለው» አለች ዘምዘም ከጣውላው ወዲያ።

ዑመር እንዳልሰማ ሆኖ ተነሣና ከግድግዳው ላይ ረጅሙን ቴላዮ አወረደ። ቴላዮ የሳይክል አጥንቱ ነው፤ ጎማውም፣ መሪውም፣ ፔዳሉም የሚታሰሩት እሱ ላይ ነው። ይሄኛው በጣሊያን ጊዜ የመጣ ነው እየተባለ ስንት ሰው ሽጥልን ብሎ ለምኖት እምቢ ያለበት፣ በየሳምንቱ ዘይት እየቀባ የሚወለውለው ነው። ለትርፊት ሲያወርደው ዘምዘም ከጣውላው ወዲያ ብቅ ብላ አየች።

«አልረዘመም?» አለች ትርፊት።

«ረጅም ሳይክል ክብር አለው። የቀበሌው ሊቀመንበር የሚነዳው ምን ዓይነት ነው?»

«ሊቀመንበሩ ቦይ አይሻገርም።»

በሳምንቱ ሳይክሉ ተገጣጥሞ አለቀ። ዑመር ከመናኸሪያው ጀርባ ቦዩ ላይ ግንድ አጋድሞ፣ ተሸካሚዎቹና ትኬት ቆራጮቹ እያዩት፣ ራሱ ሊሞክረው ወጣ። ተንደርድሮ መጣ። የፊት ጎማው ግንዱን አለፈ። ከዚያ የሳይክሉ ሆድ ግንዱ ላይ ቁጭ አለና ሁለቱም ጎማዎች አየር ላይ ቀሩ። ዑመር እዚያው ላይ እንደተቀመጠ ፔዳሉን ይመታል፤ ሳይክሉ ግን የትም አይሄድም።

«ጋሼ፣ ትኬት ቆርጠዋል?» አለው አንዱ ተሸካሚ።

ትርፊት ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ መጥታ እጁን ይዛ አወረደችው።

በማግሥቱ ዑመር ሱቁን ዘግቶ አብሯት ሌሞ ወረደ። እሷ በጤና ጣቢያው ሳይክል፣ እሱ በእግሩ። ሁለት ጊዜ ቀደማት፤ አንዴም ተቀምጦ ጠበቃት። በየግንዱና በየድንጋዩ እያጎነበሰ ከፍታውን በስንዝር ለካ። በእንሰት ጓሮዎች መሀል ያለችው መንገድ የምትታጠፍባቸውን ቦታዎችም ቆሞ አያቸው። ማታ ቤቱ ሲገባ ምንም አላወራም። ዘምዘም አሞት መሰላት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ፔዳሉ ያለበት ቦታ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ርዝመቱም በዝቶ አይታጠፍላትም። እኔ ለአስፋልት ነው የሠራሁላት።»

«አስፋልት የት አይተህ?» አለች ዘምዘም፤ እራቱን ግን ቶሎ አቀረበችለት።

በዚያን ጊዜ ከውጭ የሚገባ የሳይክል ዕቃ የለም። ዑመር ያገኘው የነጋዴው የወልደ ማርያም መጋዘን ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጀርባ የተጣለ አጭር ቴላዮ ነበር። አዋቂ ሲቀመጥበት ጉልበቱ መሪውን እየመታው ማንም አልፈለገውም። ፔዳሉ ግን ከፍ ብሎ ነው የሚታሰረው፤ የኋላ ጎማውም ከመቀመጫው ሥር ጠጋ ይላል።

«ይቺን? ልጅ ወለድክ እንዴ?» አለ ወልደ ማርያም።

«ለክትባት ነው።»

«ሳይክሉን ነው የምትከትበው?»

ዑመር የመጋዘኑን ሚዛን ሊጠግንለት ተስማምቶ ቴላዮውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ወጣ።

በዚህኛው ግን ብቻውን አልወሰነም። ትርፊት ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ሣጥን ላይ ትቀመጥና ዕቃውን አንድ በአንድ አብረው ይመርጣሉ። ከፔዳሉ ጋር የሚዞረውን የፊቱን ጥርስ ትንሹን አደረጉት።

«ትፈጥናለች?» አለችው።

«አትፈጥንም። ዳገት ላይ ግን ፔዳሉን አትለምኚውም።»

ጭቃ ሞልቶ ጎማውን እንዳይዝባት፣ ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ከፊትም ከኋላም አወለቁት። ጉልበቷ እንዳይመታ፣ ከተጋጨ ሞተር ሳይክል የተረፈ ሰፊ መሪ ብየዳ ቤት ወስደው አስረዘሙና ወደ ፊት ገፋ አድርገው አሰሩት። መቀመጫውን እስከ ታች አወረዱት፤ እንቅፋት ላይ ትርፊት የምትሄደው ቆማ ነው። የተጣሉት ጎማው ላይ ነው። እሷ ወፍራሙን፣ ጥርሱ የጎላውን መረጠች፤ አየሩም ቀነስ ይበልልኝ አለች።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውን ንፉ ስል ኖሬ፣ አሁን አስተንፍስ ትይኛለሽ?»

«ድንጋዩን እንዲጨብጥልኝ ነው።»

ዑመር እያጉረመረመ አስተነፈሰው። አንዴ ግንዱ ላይ ነድቶ ተመለሰና እንደገና ትንሽ አስተነፈሰው።

ሚያዝያ 23፣ የሠራተኞች ቀን ሰልፍ ካበቃ በኋላ፣ የስፖርት ኮሚቴው ሜዳው ላይ በሳይክል እንቅፋት የማለፍ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ሦስት ግንድ፣ የድንጋይ ክምር፣ በመጨረሻም በቦይ ላይ የተጋደመ ቀጭን ጣውላ አለ። እግሩ መሬት የነካ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። ከተመዘገቡት ሰባት ሰዎች ሴት ትርፊት ብቻ ነበረች። የስፖርት መምህሩ ተገኘ ረጅም ሳይክሉን ተደግፎ አያት።

«እህት ትርፊት፣ ይቺ ሳይክል ስታድግ ብትመለሺ አይሻልም?»

«አንተም ስታጥር ና።»

ተገኘ ሁለቱን ግንዶች በፍጥነት አለፈ። ሦስተኛው ላይ እግሩን አወረደ፤ ድንጋዩ ላይ ሁለቴ፤ ጣውላው ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ገፋው። ሌሎቹ ከሱ አልተሻሉም። ትርፊት ተራዋ ሲደርስ ቀስ ብላ፣ የምትተኛ እስክትመስል ቀስ ብላ ገባች። ቆማ መሪውን ሳብ ታደርግና የፊት ጎማውን ግንዱ ላይ ታወጣዋለች፤ ከዚያ ክብደቷን ወደ ፊት ስትጥል የኋላው ይከተላታል። የድንጋዩ ክምር ላይ ለአፍታ ቀጥ ብላ ቆመች። ዑመር ከሕዝቡ መሀል ተጋፍቶ ወደ ፊት ወጣ። ጣውላው ላይ ግማሽ ደርሳ ሳለ የሰልፉ የማርሽ ባንድ ከበሮውን ሲመታ ደነገጠችና አንድ እግሯ ዱብ አለ። አንድ ብቻ።

ኮሚቴው ሽልማቱን ሲገዛ ሴት ታሸንፋለች ብሎ አላሰበም፤ አርባ ሦስት ቁጥር የእግር ኳስ ጫማ ሰጣት። ትርፊት ጫማውን ተቀብላ በቀጥታ ተገኘ ዘንድ ሄደችና ቁጥሩን ጠየቀችው። አርባ ሦስት ነው አለ፤ ጫማውን ስትሰጠው ፊቱ ቀልቶ ተቀበላት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሳይክሏ ቁመት አንስቶ አያውቅም።

በቀጣዩ ሐሙስ ሌሞ የመጨረሻው መንደር ስትደርስ ሳጥኑ ውስጥ በረዶው እንደ ድንጋይ ነበር። እናቶቹ፣ ባለፈው የተመለሱትም ጭምር፣ ተሰልፈው ጠበቋት። ስትመለስ ዑመር ደጃፍ ላይ ቆማ ስንት ልጅ እንደከተበች ነገረችው። እሱ ሰንሰለቱን የሚመረምር መስሎ አጎንብሶ ቆየ።

ወሩ ሳያልቅ የግብርና ሠራተኛውም፣ ሆመቾ የሚመላለሰው ፖስተኛም አጭር ሳይክል ሥራልን እያሉ መጡ።

«እኔ ከመጀመሪያውም አጭር ነው ያልኩት» ይላቸዋል ዑመር።

ከጣውላው ወዲያ አንድ ብርጭቆ ኳ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ዘምዘም አታርመውም።

አንድ እሑድ ጠዋት ትርፊት ሻይ ልትጠጣ መጥታ ሳለ፣ ዘምዘም እጇን በሽርጧ ጠራረገችና አጠገቧ ተቀመጠች። ከቀሚሷ ሥር የባሏን ሱሪ ለብሳለች።

«እኔን የሚያህል ሰው ሳይክል መልመድ ይችላል?» አለች ቀስ ብላ።

«ለምን አይችልም?»

ዑመርን ጠርተው፣ የትርፊትን ሳይክል እየገፉ ሦስቱም ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ወጡ። ዘምዘም መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ይዛዋለች። ዑመር መቀመጫውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ፣ ቀጥ በይ፣ ፍሬኑን ልቀቂ፣ ከፊትሽ እይ ይላል።

«አንተ ዝም ብለህ ያዝ» አለችው፤ እሱም ዝም ብሎ ያዘ።