የማጅራቱ ድርሻ

ፀጉር አስተካካዩ ገብረትንሣኤ እትዬ ለተክርስቶስን ማየት ከተወ ሦስት ቀኑ ነው። ከዶሮ ማነቂያ ዳገቱን ወጥተው፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ፣ ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ይቀመጣሉ። እሱ ደግሞ ኋላ የመጣውን ወንድ ሁሉ «ግባ ጌታዬ» እያለ በላያቸው ያሳልፋል፤ የጨርቅ ክምር የተቀመጠ ይመስል።

በሦስተኛው ቀን ወንበሩ ባዶ ሲሆን ማንንም ሳይጠይቁ ገብተው ቁጭ አሉ።

«ላጨኝ።»

«እትዬ፣ እኔ የሴት ራስ አልላጭም።»

«ጠጉሬ ነጭ፣ ጥርሴ የወለቀ፣ ምኔን ሴት አየህብኝ? የፈራኸውን ተናገር!»

በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተላጭተው ሲታዩ የማን ሐዘን ነው ይባላል። የልጅዎ የአርአያ መሆኑ ይታወቃል። ለሱ ማልቀስ ክልክል ነው። ቀበሌ ማን ላጫት ሲል… እኔ ልጆች አሉኝ።»

«እኔም አንድ ነበረኝ» አሉና ወጡ።

ነገሩ በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ነው፤ ሬሳ ያለ ለቅሶ የሚቀርበት ዘመን። የአርአያን የመጀመሪያ ጠጉር የላጨው ይኸው ገብረትንሣኤ ነበር። ልጁን ከዚሁ ደጃፍ እየገፉ ሲወስዱት ደግሞ ከእትዬ ጀርባ ተሸጉጦ ትንፍሽ አላለም።

እትዬ በዚያው እግራቸው ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረዱ። ባለሱቁ ፍቅሬ ጎፈሬውን እያበጠረ ነበር።

«የእጅ ቶንዶስ፣ የጠጉር መቁረጫ አለህ?»

«ለማን ነው እማማ? የሚቆርጥበትን ሰው ይላኩት፤ ዕቃው ዓይን ይፈልጋል።»

«የኔን ዓይን መቼ መዘንከው? አውጣ!»

አንዱን ባንኮኒው ላይ ወረወረላቸው። «የጀርመን ነው። ይኸው፣ ተጽፎበታል።»

«ጽሕፈት ጠጉር አይቆርጥም።»

ከጉያቸው ልቃቂት አወጡ። ዕድሜ ልካቸውን ለሸማኔ ሲፈትሉ የኖሩ ናቸው፤ ክራቸው ከጠጉር ይቀጥናል። ከቶንዶሱ ጥርሶች መሀል ወጥረው እጀታውን ጨበጡት። ክሩን አኝኮ አኝኮ ተፋው።

«ይኼ ይነጫል እንጂ አይቆርጥም። ለራስህ አስቀምጠው።»

ሁለተኛው በዘይት ያብረቀርቃል፤ ግን የላይኛው ምላጭ ከታችኛው ጋር አልገጥም ብሎ ይዋልላል። ፍቅሬ ሳቀባቸው።

«እማማ፣ በግ ሊሸልቱ ነው እንዴ?»

«በግ ብሸልትማ ካንተ እጀምር ነበር» አሉ፣ ጎፈሬውን ሽቅብ እያዩ።

ሳቁ ቆመ። ሦስተኛውን ከመሳቢያው ሥር ጎትቶ አወጣ፤ ልባሱ የተላጠ፣ የሚያስጠላ ነገር። እትዬ ክሩን ወጠሩ። ሲጨብጡት ክሩ ቁርጥ አለ፤ ጫፉ አልተንጨፈረረም። ሲለቁት እጀታው ራሱ ተመለሰ።

«እሱ እኮ አሮጌ ነው» አለ ፍቅሬ።

«እኔስ ምንድን ነኝ? ጠቅልልልኝ!»

ቤታቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ፤ ስባሪ መስተዋታቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ። ከግንባራቸው ጀመሩ። ነጩ ጠጉር ጭናቸው ላይ ወረደ፤ ቶንዶሱ አንዲት እንኳ አልነጨም። ጎንና ጎኑንም ጨረሱ። ማጅራታቸው ላይ ሲደርሱ ግን ክንዳቸው ወደ ኋላ አልዞር አለ። ቢታገሉ፣ ቢሳደቡ፣ እንቢ። የግማሽ ራስ ሐዘን ደግሞ ሐዘን አይደለም፤ ለልጃቸው ጎዶሎ አይሰጡም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ የገብረትንሣኤ ቤት ሞልቷል። እትዬ ገቡና ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱት። አረፋ የተቀባው ሰውዬ ከወንበሩ ተነሣ። ገብረትንሣኤ ምላጩን እንደያዘ ቀረ።

«እትዬ… ምን አደረጉ?»

ቶንዶሱን እጁ ውስጥ አስጨበጡትና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ቶንዶሱ የራሴ፣ ጅማሬውም የራሴ። ቀበሌ ማን ላጫት ቢልህ፣ ራሷ ናት በል። ያንተ ድርሻ ማጅራቴ ብቻ ነው። ልጄን የወሰዱት ቀን ከኋላዬ ነበርክ፣ ቦታውን ታውቀዋለህ። ና፣ እዚያው ቁምና ጨርስ!»