የተወለወለችው መጥሪያ

ላቮን የአባቷን የአደን መጥሪያ ከጨርቅ ከረጢቷ ስታወጣት የገዛ ፊቷን አየችባት። መጥሪያ ላይ የሰው ፊት አይታይም፤ መታየትም የለበትም። አሁን ግን ግንባሯ፣ አፍንጫዋ፣ በድንጋጤ የተከፈተው አፏ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየ። ደሟ ፈላ።

መጥሪያዋ መዳፍ የምትሞላ ክብ የእንጨት ጎድጓዳ ናት፤ በላይዋ ስስ አሉሚኒየም ተጣብቆባታል። አሉሚኒየሙን በመጫሪያ እንጨት ጫር ጫር ሲያደርጉት እንደ ሴት ተርኪ፣ እንደዚያች ዶሮ መሳይ ትልቅ የዱር ወፍ፣ ትጮኻለች። ጫካ ያለው አውራ ተርኪም ሚስት ተገኘች ብሎ እየተንጎራደደ ይመጣል። አሉሚኒየሙ ከለሰለሰ ግን እንጨቱ ይንሸራተታል እንጂ አይጮህም። ስለዚህ በብርጭቆ ወረቀት፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ እየተፋቀ ይሻከራል። ከዚያ በኋላ ጣት አይነካውም፤ የጣት ወዝ ድምፁን ይገድለዋል። ይህን በሰሜን አላባማ ሸንተረሮች ላይ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ላቮን እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ወደ ግቢው ወጣች። ታናሽ ወንድሟ ዱዊ ከባድ መኪናው ሥር ተንበርክኮ ቸርኬውን ይወለውላል። ዱዊ ለሰው ሰላምታ ይረሳ ይሆናል እንጂ ቸርኬ መወልወል አይረሳም።

«አንተ! ይቺን ምን አደረግሃት?»

ዱዊ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። «አላማረችም? ነገ ጠዋት አዳኞቹ በሚሰበሰቡበት የእሳት አደጋ ጣቢያው ቁርስ ላይ አስቀምጣታለሁ ብዬ እኮ ነው። ሰው ሁሉ የአባባን መጥሪያ ይያት። ጠቋቁራ ነበር፣ በቸርኬ ቅባት አጸዳኋት።»

«በቸርኬ ቅባት!»

«ደግሞ ውዱ ነው፣ ርካሹ እንዳይመስልሽ።»

«የአባባ መቃብር ላይ ገና ሣር አልበቀለም፣ አንተ ድምፁን ደግመህ ቀበርክልኝ! ኩል ልኳል ብሎ ዓይን የሚያጠፋ አንተን አየሁ!»

ዱዊ ፈገግታው ደረቀ። ጨርቁን እንደያዘ ቀረ።

ነገሩ የቁርስ ነገር ቢሆን ላቮንም ባልጮኸች። አባታቸው ሆሊስ የሞተው በክረምቱ ብርድ ነው። ከመሞቱ በፊት ላቮንን አልጋው አጠገብ አስቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ለመናት። ከወንዙ ማዶ አንድ አንካሳ አውራ ተርኪ አለ፤ ሆሊስን ከአንድም ሁለት ሦስት ጸደይ ሲቀልድበት የኖረ። ለሌላ ሰው መጥሪያ ዞር ብሎም አያይም፤ ለሆሊስ ብቻ ይመልሳል፣ ግን አይመጣም። «አደኑ በተከፈተ ጠዋት ጫካ ውስጥ ያለው መቀመጫ ጉቶዬ ላይ ተቀመጪና በዚህችው ጥሪው» አላት። «ከመጣ ተኩሺው፤ ካልመጣም እንዳልሞትኩ ያስብ።» እሺ አለችው። አደኑ የሚከፈተው ደግሞ ነገ ነው።

ወደ ሥራ ቤት ገብታ በሩን በእግሯ ጠረቀመችው። የሠራቻቸው መጥሪያዎች መደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል። ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ነው፤ ገበያም አላት። የይቺኛዋን አሉሚኒየም ግን የሚያዘጋጀው እሱ ብቻ ነበር። ከሞተ ወዲህም እሷ አንዴ እንኳ የብርጭቆ ወረቀት አላስነካቻትም። የሱ ጭረት እንዳለ ይኑር ብላ ነበር የተወችው። ያንን ጭረት ነው እንግዲህ ወንድሟ በጨርቅ ጠራርጎ የጣለው።

ቅባቱን በአልኮል አጠበችው። ደረቅ አለ። ወረቀቱን አጥፋ ከላይ ወደ ታች ፋቀች፣ ትቢያውን እፍ አለች፣ መጫሪያውን አንስታ ጫረች።

ጮኸች። መጥሪያዋ ጥሩ አድርጋ ጮኸች፤ የጠራች፣ የወጣት ሴት ድምፅ። የሆሊሷ ግን እንዲህ አልነበረችም። ያቺ ጎርናና ነበረች፣ ሲጋራ ስታጨስ እንደኖረች አሮጊት፤ ጩኸቷም መጨረሻ ላይ ስብር ይላል። ላቮን ደገመች። ወረቀት ቀየረች፣ ሻካራውን ወሰደች፣ አግድም ፋቀች፣ ሰያፍ ፋቀች። ሁሌም ያቺው ወጣት መጣችባት። ጥርሷን ነከሰች። አሉሚኒየም ተፍቆ አያልቅም አይባልም፣ ያልቃል።

በሩ ተከፈተ። ዱዊ ደፉ ላይ ቆመ፤ እግሩን ወደ ውስጥ አላሳለፈም።

«ላቮን... ድምፁ የሷ አይደለም።»

«ሥራህ ነዋ! ሁለተኛ የአባባ ዕቃ ላይ እጅህን ብታሳርፍ እሰብርልሃለሁ! እንዴት አታውቅም? በዚህ ቤት አድገህ እንዴት ይሄን አታውቅም?»

«ማን አስተማረኝ?» አለ።

«ዓይን የለህም?»

«ማን አስተማረኝ አልኩሽ!» የዱዊ ድምፅ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። እንዲህ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም። «በልጅነቴ በማርማላታ እጄ መጥሪያውን አንዴ ነካሁበት፣ አንዴ! አባባ ጆሮዬን ጎትቶ አስወጣኝ። ከዚያ ወዲህ ለኔ ያለው ቃል ምን ነበር? ‹ጣትህን!› እዚህ በር ላይ ስደርስ ‹ጣትህን!› ለጠረጴዛው ስቀርብ ‹ጣትህን!› አንቺን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያስተምርሻል፣ እኔ እዚህ ቆሜ አያለሁ። አርባ ዓመት ሞላኝ፣ ያቺን መጥሪያ በእጄ የያዝኳት ትናንት ነው! ደስ ብሎኝ ነው የወለወልኳት! ገባሽ? ደስ ብሎኝ!»

የላቮን ንዴት ግን አልበረደም። ወረቀቱን ጨብጣ ደረቱ ላይ ወረወረችው።

«እንግዲያው ራስህ አስተካክላት! ያበላሸ ያብጅ!»

ይህን ያለችው ልትጎዳው ነው። ዱዊ ግን ወረቀቱን ከመሬት አነሳና ገባ። ወንበሩን በእግሩ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፣ መጥሪያዋን በጠርዟ ይዞ በቀኝ መዳፉ አኖራት፣ ወረቀቱን በግራው ያዘ። ክርኑን ወደ ውጭ ገፋ፣ ትከሻውን ዝቅ አደረገ፣ መፋቅ ጀመረ። አጭር አጭር፣ መጨረሻው ላይ እጁን ላላ እያደረገ።

ላቮን ትከሻውን አየችና ግድግዳውን ተደገፈች። ሆሊስም ግራኝ ነበር። በጠመንጃም በማንኪያም ግራኝ። እሷ ቀኝ ናት፤ ሆሊስ አስተማራት እንጂ እጁን ሊሰጣት አይችልም። እጁንማ ለዱዊ ሰጥቶ ነበር፤ በር ላይ አቁሞት ኖረ እንጂ።

ዱዊ እፍ አለና መጫሪያውን አንስቶ ጫረ።

ጎርናናዋ አሮጊት ጮኸች። መጨረሻ ላይም ስብር አለች።

ቀኑ ወደ ማታ እያዘነበለ ነበር። ከወንዙ ማዶ፣ ከጥዶቹ ውስጥ፣ አንድ አውራ ተርኪ ጉር ጉር እያለ መለሰ።

ላቮን ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንባው የሐዘን አልነበረም፤ ተናዳ ነበር፣ ያውም ከቅድሙ ይልቅ። ቅድም የተናደደችበት ሰው ግን እዚህ ተቀምጧል፤ አሁን የተናደደችበት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አፈር ለብሶ ተኝቷል፣ ብትጮህበትም አይሰማም። ምን ነበረበት አንድ ቀን ወንበር ቢስብለት! ምን ይጎድልበት ነበር!

«ነገ ጉቶው ላይ አንተ ትቀመጣለህ» አለች።

«አንቺን ነው የለመነው።»

«እኔን የለመነኝ እጅህ የሱ እጅ መሆኑን ስላላወቀ ነው። ወይ እያወቀ ነው፤ እሱ ደግሞ ይብሳል።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እስቲ ልያት፣ እንዴት አድርገህ ነው የፋቅካት?»

ጎንበስ ብላ ጭረቱን ልትዳስስ እጇን ዘረጋች።

«ጣትሽን!» ብሎ ጮኸባት ዱዊ፣ መጥሪያዋን ወደ ደረቱ እያሸሸ።

ላቮን እጇን ሰበሰበች።